«ኦክሲጅን ምግብን ያቃጥላል» ስለሚባለው አባባል የቀረበ ትችት

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ የተማረ ሰው ሁሉ በደብተሩ ያሰፈረው አንድ ዓረፍተ ነገር አለ። ይኸውም «የምንተነፍሰው ኦክሲጅን በሰውነታችን ውስጥ ምግብን ያቃጥልና ኃይል ይሰጠናል» የሚለው ነው። እኛም በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን ይህን በቃላችን አጥንተነዋል፤ በፈተና ጽፈነዋል፤ ሙሉ ማርክም አግኝተንበታል። መምህራችን ሻማ አብርተው ብርጭቆ ደፉበትና ነበልባሉ ሲጠፋ ካሳዩን በኋላ፣ «እናንተም እንዲሁ ናችሁ፤ አየር ከተነፈጋችሁ እንደዚህ ሻማ ትጠፋላችሁ» አሉን። ከኋላ ከተቀመጡት አንዱ ጓደኛችን ብድግ ብሎ፣ «ታዲያ እሳቱ በውስጣችን ካለ ስለ ምን አንቃጠልም?» ሲል ጠየቀ። መምህሩም «ቀስ ብሎ የሚነድ እሳት ስለ ሆነ ነው» ብለው መለሱለት። ክፍሉ ሳቀ፤ ጓደኛችንም አፍሮ ተቀመጠ።

ዛሬ ነገሩን መለስ ብለን ስንመረምረው ጥያቄው ተገቢ እንደ ነበረ፣ መልሱ ግን ጥያቄውን አዳፍኖት እንደ ቀረ ተረድተናል። ይህን ስንል ያስተማሩንን ሰዎች ለመውቀስ አይደለም፤ እነርሱም የተቀበሉትን ነው ያስተላለፉልን። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አባባሉን ራሱን በሚዛን ላይ ማስቀመጥ ነው። ከዚያም በኮሌጅ የምናገኘውን ሁለተኛውን አባባል፣ ማለትም «ኦክሲጅን የኤሌክትሮኖች የመጨረሻ ተቀባይ ነው» የሚለውን፣ እንዲሁ እንመዝነዋለን። የፊተኛው ብዙ ይላል፤ የኋለኛው ደግሞ ጥቂት ይላል ብለን እናምናለንና።

ሀ. የአባባሉ ምንጭና መልካም ጎኑ

አንድን አባባል ከመንቀፍ በፊት ያደረገውን በጎ ነገር መናገር ይገባል። ምግብን ከማገዶ፣ መተንፈስን ከመንደድ ጋር ማመሳሰል በከንቱ የተፈጠረ ተረት አይደለም። ፈረንሳዊው ሊቅ አንቷን ላቯዚዬ ከላፕላስ ጋር ሆኖ እ.ኤ.አ. በ1783 ባቀረበው ጽሑፍ፣ ጊኒ ፒግ የምትባለውን ትንሽ እንስሳ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አስቀምጦ በሰውነቷ ሙቀት የቀለጠውን በረዶ ለካ። ከዚያም እንስሳዋ የምታስወጣውን ያኽል ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚሰጥ ከሰል ሲነድ ስንት በረዶ እንደሚያቀልጥ ለክቶ ሁለቱን አስተያየ። ልኮቹ ተቀራራቢ ሆነው ተገኙ። ስለዚህ መተንፈስ ማለት ቀስ ያለ መንደድ ነው ሲል ደመደመ።

ይህ ድምዳሜ በዘመኑ ታላቅ ነገር ነበር። የሕያዋን ሙቀት በሚዛን የማይለካ ምሥጢር ነው ይባል የነበረውን አፍርሶ ሕይወትን ወደ ቤተ ሙከራ አስገባት። ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶም ጀርመናዊው ማክስ ሩብነር እ.ኤ.አ. በ1894 ባወጣው ጥናት ከውሻ ሰውነት የሚወጣው ሙቀት ከተበላው ምግብ ከሚጠበቀው ጋር እንደሚስማማ አረጋገጠ። እንግዲህ ድምሩ እውነት ነው። አንድ ሞል ግሉኮስ ከስድስት ሞል ኦክሲጅን ጋር ተዋሕዶ ስድስት ሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድና ስድስት ሞል ውኃ ሲሆን፣ በምድጃም ቢሆን በሕዋስም ቢሆን የሚለቀቀው ኃይል ያው ወደ 2,800 ኪሎጁል ነው።

ዳሩ ግን ድምር ድምር ነው። የአንድ ነጋዴ መዝገብ ጧት የነበረውን ገንዘብና ማታ የቀረውን ብቻ ቢያሳየን፣ በቀኑ ውስጥ በሱቁ ምን እንደ ተሸጠና ምን እንደ ተገዛ አይነግረንም። የላቯዚዬ ተከታዮች ስሕተት መዝገቡን ከሥራው ጋር አንድ ማድረጋቸው ነው።

ለ. አባባሉ የሚወድቅባቸው አራት ነጥቦች

አንደኛ፤ በእሳት ውስጥ ኦክሲጅን ማገዶውን በቀጥታ ይነካዋል። ከሰል ሲነድ በአየር ያለው ኦክሲጅን ከካርቦኑ ጋር ተጣብቆ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሆናል። በሕዋስ ውስጥ ግን የምንተነፍሰው ኦክሲጅን ከምግቡ ካርቦን ጋር በዚህ ሥራ ከቶ አይገናኝም። ሃንስ ክሬብስ እ.ኤ.አ. በ1937 ባሳወቀው ዑደት ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከምግቡ ሲላቀቅ፣ በውስጡ ያሉት የኦክሲጅን አቶሞች ከምግቡ ከራሱና ከውኃ የመጡ ናቸው። ከሳንባ የገባው ኦክሲጅን መጨረሻው ሌላ ነው፤ እርሱ ውኃ ይሆናል። ስለዚህ «ኦክሲጅን አስገብተን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እናስወጣለን» ስንል አንዱ ወደ ሌላው የተለወጠ የሚመስለን ሁሉ ተሳስተናል። ሁለቱ በአንድ በር የሚገቡና የሚወጡ ሁለት ልዩ ልዩ መንገደኞች ናቸው።

ሁለተኛ፤ እሳት ወናፍ ሲነፋበት ይጋጋላል፤ ማገዶውንም ቶሎ ይጨርሳል። ሕዋስ ግን እንዲህ አይደለም። አንድ ሰው ተቀምጦ ሳለ ሆን ብሎ ደጋግሞ ቢተነፍስ፣ የመተንፈሻ ጡንቻዎቹ ከሚጠይቁት በቀር፣ ሕዋሶቹ ምግብን አብልጠው አይጠቀሙም። በዕረፍት ላይ ያለ ዐዋቂ ሰው በደቂቃ ወደ 250 ሚሊሊትር ኦክሲጅን ይጠቀማል። በባሕር ጠረፍ ያለ ሰውና የአየሩ ግፊት የባሕር ጠረፉ ሦስት አራተኛ ያኽል በሆነበት በአዲስ አበባ ከፍታ የሚኖር ሰው በዕረፍት ጊዜ የሚጠቀሙበት መጠን ተቀራራቢ ነው። ብሪተን ቻንስና ባልደረባው ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1955 እንዳሳዩት፣ የአተነፋፈሱን ፍጥነት በይበልጥ የሚወስነው የአየሩ ብዛት ሳይሆን በሥራ ላይ ውሎ የተመለሰው ኤ.ዲ.ፒ. የተባለው ነገር ነው። ሥራ ሲኖር ሕዋስ ይተነፍሳል፤ ሥራ ሲያልቅ ያቆያል። ይህን የሚያደርግ ምድጃ አላየንም።

ከዚህም የሚገርም አለ። ሉዊ ፓስተር እ.ኤ.አ. በ1861 እንዳስተዋለው፣ እርሾ አየር ሲያገኝ የሚፈጀው ስኳር ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። በጋን ተከድኖ የሚብላላ ጠላ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በዚያ ውስጥ ያለው እርሾ ያለ ኦክሲጅን ይኖራል፤ ዳሩ ግን ከአንድ ግሉኮስ የሚያገኘው ትርፍ 2 ኤ.ቲ.ፒ. ብቻ ስለ ሆነ ብዙ ስኳር ማባከን አለበት፤ የቀረውም ኃይል በአልኮሉ ውስጥ ሳይነካ ይቀራል። አየር ሲገባለት ከዚያው ከአንዱ ግሉኮስ ብዙ እጥፍ ስለሚያገኝ ጥቂት ይበቃዋል። አየር ሲበዛለት ማገዶ የሚቆጥብ እሳት ካለ፣ ያ እሳት መባሉ ቀርቶ ሌላ ስም ሊወጣለት ይገባል።

ሦስተኛ፤ ሻማን ለማጥፋት ወይ አየሩን ወይ ሰሙን መንሣት ያስፈልጋል። ሕዋስ ግን ሁለቱም ሞልተውለት ሊሞት ይችላል። ሳያናይድ የተባለው መርዝ የገባበት ሰው ደሙ ኦክሲጅን ተሸክሟል፤ ሕዋሱም ምግብ አለው፤ ሆኖም በደቂቃዎች ውስጥ ሊሞት ይችላል። ከሕዋሶቹ የሚመለሰው ደም እንኳ ኦክሲጅኑን ሳያራግፍ ስለሚመለስ እንደ ደም ቅዳ ደም ደማቅ ሆኖ ይታያል። መርዙ የዘጋው ሳይቶክሮም ኦክሲዴዝ የሚባለውን አንዱን ኤንዛይም ነው። በአገራችን ደቡብ የሚበቅለው የካሳቫ ሥር በሚገባ ካልተዘጋጀ የሚያሰጋው ይህንኑ መርዝ የሚያስገኝ ነገር በውስጡ ስላለ ነው። እንግዲህ በኦክሲጅንና በምግብ መካከል በር አለ፤ በረኛም አለ ማለት ነው። የሻማው ምሳሌ ስለዚህ በር አንዳች ቃል አይነግረንም።

አራተኛውና በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚያይለው ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ በአሜሪካ አገር ዳይናይትሮፌኖል የተባለ መድኃኒት ለማክሳት ይሸጥ ነበር። መድኃኒቱን የዋጡት ሰዎች በእርግጥ ከሱ፤ ኦክሲጅንም አብዝተው ተጠቀሙ፤ ምግባቸውም «ተቃጠለ»። ነገር ግን አንዳንዶቹ ሰውነታቸው እየጋለ ሞቱ፤ ሌሎችም የዓይን ሞራ ያዛቸው። በ1938 በወጣው የመድኃኒት ሕግ ምክንያትም ከገበያ ተወገደ። ምሥጢሩ ምንድን ነው? መድኃኒቱ መተንፈሱን አላቆመውም፤ መተንፈሱን ከኤ.ቲ.ፒ. ሥራ ለየው እንጂ። ኃይሉ ሁሉ ሙቀት ሆኖ ጠፋ። አባባሉ እንደሚለው መቃጠል ኃይል የሚሰጥ ቢሆን ኖሮ እነዚያ ሰዎች ከሁሉ ይልቅ ብርቱዎች በሆኑ ነበር። ሰውነት በእውነት ምድጃ በሆነ ጊዜ የሚሆነውን እነርሱ አሳይተውናል።

ሐ. ታዲያ ሥራው እንዴት ይሠራል?

ነቀፋ ብቻ ይዞ መቅረብ ቀላል ስለ ሆነ፣ አሁን የሚታወቀውን በአጭሩ እናቀርባለን። በሕዋስ ውስጥ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ ጥቃቅን ክፍሎች አሉ። ከምግቡ የተለቀሙት ኤሌክትሮኖች በእነዚህ ውስጠኛ ሽፋን ላይ ከተሰደሩት ፕሮቲኖች ከአንዱ ወደ ሌላው እየተቀባበሉ ይወርዳሉ። ከእነዚህ ተቀባዮች ሳይቶክሮም የተባሉትን ዴቪድ ኬይሊን እ.ኤ.አ. በ1925 አስታወቀ። ኤሌክትሮኖቹ በወረዱ ቁጥር የሚለቀቀው ኃይል ፕሮቶኖችን ከሽፋኑ አንድ ወገን ወደ ሌላው ይገፋል። በመጨረሻው ደረጃ ላይ ኦክሲጅን ቆሞ ይጠብቃል። አንድ የኦክሲጅን ሞለኪውል አራት ኤሌክትሮኖችና አራት ፕሮቶኖች ተቀብሎ ሁለት የውኃ ሞለኪውሎች ይሆናል።

የተገፉት ፕሮቶኖች ተመልሰው ሲገቡ ኤ.ቲ.ፒ. ሲንቴዝ የተባለውን ኤንዛይም ያዞራሉ፤ በመዞሩም ኤ.ቲ.ፒ. ይሠራል። ይህን ሐሳብ እንግሊዛዊው ፒተር ሚቸል እ.ኤ.አ. በ1961 ሲያቀርበው ብዙዎቹ ሊቃውንት አልተቀበሉትም ነበር። በዘመኑ ይፈለግ የነበረው ኃይሉን ከመተንፈሱ ወደ ኤ.ቲ.ፒ. የሚያሸጋግር አንድ የኬሚካል ውሑድ ነበርና፣ ሽፋንና የፕሮቶን ልዩነት ይበቃል የሚለው አነጋገር እንግዳ ሆነባቸው። ሚቸል በኮርንዎል በግሊን ቤት ባቋቋመው ትንሽ የግል ቤተ ሙከራ ሥራውን ቀጠለ፤ እ.ኤ.አ. በ1978ም የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ኤንዛይሙ እንዴት እንደሚሠራ ያብራሩት ፖል ቦየርና ጆን ዎከርም በ1997 ተሸለሙ። ይህን ታሪክ የምናነሣው ለጌጥ አይደለም። የምድጃው ምሳሌ በሰው አእምሮ ውስጥ ሙቀትንና ኬሚካልን ብቻ ስለሚያሳይ፣ ሽፋን የሚባለውን ነገር ለማየት ስንት ዓመት እንደ ፈጀ ለማሳየት ነው እንጂ።

ምሳሌ ካስፈለገ ከምድጃ ይልቅ የውኃ ወፍጮ ይሻላል እንላለን። ውኃው ከላይ ወደ ታች ይወርዳል፤ ሲወርድ መዘውሩን ያዞራል፤ መዘውሩ እህል ይፈጫል። ውኃው መውጫ አጥቶ ከታች ቢቆም መዘውሩ ይቆማል፤ ሳያናይድ ያደረገው ይህን ነው። ውኃው መዘውሩን ሳይነካ በጎን ቢፈስ ደግሞ ወራጁ ይበዛል እንጂ ዱቄት አይገኝም፤ ዳይናይትሮፌኖል ያደረገው ይህን ነው። ስለ ቁጥሩም አንድ ማስጠንቀቂያ እንጨምራለን። የቆዩ መጻሕፍት ከአንድ ግሉኮስ 36 ወይም 38 ኤ.ቲ.ፒ. ይገኛል ይላሉ። ፕሮቶኖች በከፊል በሌላ መንገድ ስለሚመለሱና ለሌላም ሥራ ስለሚውሉ፣ አሁን የሚታመንበት ግምት ወደ 30 ወይም 32 ዝቅ ብሏል። ወፍጮ እንደ ምድጃ በቁርጥ ቁጥር የሚታሰብ አይደለም።

መ. ሁለተኛው አባባል፤ ኦክሲጅን ተቀባይ ብቻ ነውን?

ከዚህ በኋላ አንባቢ፣ «እንግዲያው ኦክሲጅን ከታች ቆሞ የወረደውን የሚሰበስብ ጉድጓድ ነው ማለት ነው» ሊለን ይችላል። በኮሌጅ ትምህርታችንም የምናነበው ይህንኑ የሚመስል ነው። እኛ ግን ይህም ጎደሎ ነው እንላለን፤ ምክንያታችንንም በትንሽ ሒሳብ እናሳያለን።

አንድ ግራም ግሉኮስ ሲነድ ወደ 15.6 ኪሎጁል ይሰጣል። አንድ ግራም ፓልሚቲክ አሲድ፣ ማለትም ከጮማ የሚገኝ የቅባት አሲድ፣ ወደ 39 ኪሎጁል ይሰጣል። አንድ ግራም አልኮል ደግሞ ወደ 30 ኪሎጁል ይሰጣል። በዚህ አቈጣጠር ምግቦቹ እጅግ ይለያያሉ። አሁን በምግቡ ክብደት ፋንታ በተጠቀሙበት ኦክሲጅን እናካፍለው። ግሉኮስ 2,805 ኪሎጁል በ6 ሞል ኦክሲጅን ሲካፈል ወደ 467 ይሆናል። ፓልሚቲክ አሲድ 9,980 ኪሎጁል በ23 ሲካፈል ወደ 434 ይሆናል። አልኮል 1,367 ኪሎጁል በ3 ሲካፈል ወደ 456 ይሆናል። ልዩነቱ ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። የሰውን ኃይል የሚለኩ ሐኪሞችም የተበላውን ሳይጠይቁ፣ ለአንድ ሊትር ኦክሲጅን 20 ኪሎጁል ያኽል የሚያስቡት ከዚህ የተነሣ ነው። በዚህም ስሌት፣ ከላይ በጠቀስነው በደቂቃ 250 ሚሊሊትር፣ በዕረፍት ያለ ሰው በቀን 360 ሊትር ኦክሲጅንና ወደ 7,200 ኪሎጁል ይጠቀማል።

ምግቡ ሲለዋወጥ ልኩ ካልተለወጠ፣ ኃይሉ በምግቡ ውስጥ «ተከማችቶ» ነበር ማለት እንዴት ይቻላል? ክላውስ ሽሚት-ሮር የተባሉት የኬሚስትሪ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ2015ና በ2020 ባወጧቸው ጽሑፎች ይህንኑ ጥያቄ አንሥተው፣ ኃይል የበዛበት ሞለኪውል ኦክሲጅን ራሱ ነው ብለው ተከራክረዋል። ሁለቱን የኦክሲጅን አቶሞች የሚያያይዘው እጥፍ ማሰሪያ፣ በውኃና በካርቦን ዳይኦክሳይድ ውስጥ ከሚሠሩት ማሰሪያዎች ጋር ሲነጻጸር ደካማ ነው። ደካማው ተፈትቶ ብርቱው ሲታሰር ኃይል ይለቀቃል።

ይህን ክርክር በብዙው እንቀበለዋለን፤ ሆኖም እስከ መጨረሻው አንከተለውም። «ኃይሉ በምግብ ውስጥ ነው» ማለት ስሕተት ከሆነ፣ «ኃይሉ በኦክሲጅን ውስጥ ነው» ብሎ መደምደምም ያንኑ ስሕተት ወደ ሌላው ወገን ማዛወር ይሆናል። ተራራ ተራራ የሚባለው ሸለቆ ስላለ ነው። ኦክሲጅን በማይደርስበት ጭቃ ውስጥ ያሉ አንዳንድ ባክቴሪያዎች በናይትሬት ወይም በሰልፌት ይተነፍሳሉ፤ በሰልፌት የሚተነፍሱት ግን ከዚያው ምግብ የሚያገኙት ኃይል እጅግ ያነሰ ነው። ተራራው አንድ ሆኖ ሸለቆው ሲለያይ የውኃው ኃይል ይለያያል። ሁለቱንም የለያያቸው ፀሐይ ናት። ዕፀዋት በብርሃን ኃይል ውኃን ፈልቅቀው ኦክሲጅኑን ወደ አየር ሲለቁ፣ ሃይድሮጅኑን ደግሞ ወደ ምግብ ሲያስገቡ የተራራቁትን ነው ሕዋስ መልሶ የሚያገናኛቸው።

ጉድጓድ የሚለው ስም የማይገባው በሌላም ምክንያት ነው። ኦክሲጅን ኤሌክትሮኖቹን በጕጕት ይስባል፤ ከተሰጠው ሥፍራ ውጭም አልፎ አልፎ ኤሌክትሮን ይነጥቅና ሱፐሮክሳይድ የተባለ ጎጂ ነገር ይሆናል። ማኮርድና ፍሪዶቪች እ.ኤ.አ. በ1969 ይህን የሚያመክን ኤንዛይም በሕዋስ ውስጥ መኖሩን አስታውቀዋል። ሳይቶክሮም ኦክሲዴዝም አራቱ ኤሌክትሮኖች እስኪሟሉ ድረስ ኦክሲጅኑን አጥብቆ ይይዘዋል፤ በግማሽ መንገድ እንዲያመልጥ አይፈቅድለትም። ዝም ብሎ ለሚቀበል ጉድጓድ ይህን ያኽል ዘበኛ ማቆም ባላስፈለገ ነበር።

ሠ. ማጠቃለያ

አንዳንድ ባልደረቦቻችን፣ «ለአሥራ አራት ዓመት ልጅ ኤሌክትሮንና ፕሮቶን ከምንነግረው ሻማው ይበቃዋል» ይላሉ። እውነት ነው፤ ሻማው የድምሩን እውነት ያሳያል፤ ይቅር አንልም። ነገር ግን ሻማውን ያሳየ መምህር ሁለት ቃል ቢጨምር ይቻለዋል። አንደኛው «በድምር ይመስላል፤ በአሠራር ግን አይመስልም» የሚለው ነው። ሁለተኛው በሰሌዳው ላይ በቀድሞው ፋንታ የሚጻፈው ነው፤ እኛም እንዲህ ቢባል እንወዳለን፤ «ሕዋስ ከምግብ ኤሌክትሮኖችን ለቅሞ በደረጃ ያወርዳል፤ ኦክሲጅን ከታች ሆኖ ይስባቸውና ውኃ ይሆናል፤ በመውረዳቸው የተገኘው ኃይል ኤ.ቲ.ፒ. ይሠራል»። ከቀድሞው ቢረዝምም ሐሰት የለበትም።

ነገሩ የቃላት ክርክር ብቻ አይምሰል። ከእኛ መካከል ብዙዎቹ ነገ በየትምህርት ቤቱ ቆመው ያስተምራሉ፤ ሌሎቹም በሐኪምነት በሽተኛ ፊት ይቆማሉ። ትንፋሽ ማለት ወናፍ ነው ብሎ የተማረ ሐኪም፣ ደሙ ኦክሲጅን የሞላበት በሽተኛ ስለ ምን እንደሚሞት ግራ ይጋባል። ለማክሳት የሚሸጥለትን «የሚያቃጥል» መድኃኒት በደስታ የሚገዛውም ሰው ያንኑ ዓረፍተ ነገር የተማረ ነው።

ያ ጓደኛችን ከዚያ ቀን በኋላ በሳይንስ ክፍል ሲጠይቅ አልሰማነውም። እኛም ከሳቁት መካከል ነበርን። ዛሬ ቢጠይቀን መልሳችን፣ «አንቃጠልም፤ በውስጣችን እሳት የለምና» የሚል ይሆን ነበር። መልሱ አጭር ነው፤ ወደዚህ ለመድረስ ግን አንድ ሙሉ ማርክ ያገኘንበትን ዓረፍተ ነገር መሰረዝ ነበረብን።